ቋቱ አሁን በማን እጅ ነው? የሊኑክስ ከርነል የዲኤምኤ ክፍል ግምገማ

ነገሩን ያጋለጠው 64 ባይት ነው። ከመለኪያ መሣሪያ መረጃ ለሚቀበል የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ የጻፍኩት ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) በጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር ለስምንት ወራት አንድም እንከን ሳይታይበት ሠራ። ከዚያ ካርዱን የአርም ፕሮሰሰር ባለው ሰሌዳ ላይ ሰካነው። ካርዱ አራት ሜጋ ባይት መረጃ ወደ ቋቱ (መረጃ ለጊዜው የሚያርፍበት የማህደረ ትውስታ ክፍል) ካስገባ በኋላ ግራፉን ስናየው ትክክለኛው ሞገድ ይሄድ ይሄድና ድንገት ይሰበራል፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። የቋቱን ይዘት ባይት በባይት አውጥቼ ከቀደመው ዙር መረጃ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። በተሰበሩት ቦታዎች ላይ ያለው መረጃ የተበላሸ አልነበረም፤ ያለፈው ዙር መረጃ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ቁርጥራጮች የሚጀምሩት ለ64 በሚካፈል ቦታ ላይ ነው፤ ርዝመታቸውም ወይ 64፣ ወይ 128፣ ወይ 192 ባይት ነው። 64 ባይት ደግሞ የዚያ ፕሮሰሰር የአንድ የካሽ መስመር ልክ ነው፤ ካሽ ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን መረጃ ቅጂ የሚይዝበት ፈጣን ማህደረ ትውስታ ነው።

ቁጥሩን ሳይ ወዲያው ገባኝ። ካርዱ አዲሱን መረጃ ማህደረ ትውስታው ላይ ጽፎ ጨርሷል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከራሱ ካሽ ያረጀውን ቅጂ እያነበበ ነው። ቋቱ ከካርዱ ወደ ፕሮሰሰሩ እጅ መመለሱን የሚያሳውቅ ጥሪ አለ፤ እኔ ዘልዬዋለሁ። በጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር ካሹና ካርዱ በሃርድዌር ስለሚናበቡ ያ ጥሪ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ስምንት ወር ሙሉ የተሳሳተ ድራይቨር ይዤ ትክክለኛ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

የምገመግመው ያን ጥሪ የሚያቀርበውን የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ክፍል ነው፤ መሣሪያዎች ማህደረ ትውስታን በቀጥታ ሲያነቡና ሲጽፉ (ዲኤምኤ የሚባለው ይህ ነው) አድራሻቸውን የሚተረጉመውን፣ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን። ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ብያኔዬን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ከማውቃቸው የከርነሉ ክፍሎች ሁሉ ለድራይቨር ጸሐፊ ትልቁን ውለታ የሚውለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ እርምጃ «ቋቱ አሁን በማን እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትልቁ ጉድለቱ ደግሞ ጥያቄውን በስህተት ብትመልሱለት፣ ምቹ በሆነ ማሽን ላይ ዝም ብሎ ማሳለፉ ነው።

ድራይቨር ጽፎ ለማያውቅ አንባቢ፣ አንድ ባይት ሦስት አድራሻ ሊኖረው እንደሚችል ማወቁ ይበቃል። አንደኛው ፕሮግራሙ የሚያውቀው ምናባዊ አድራሻ ነው። ሁለተኛው ባይቱ በማህደረ ትውስታው ውስጥ በእውነት የተቀመጠበት አካላዊ አድራሻ ነው። ሦስተኛው መሣሪያው ባይቱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ ይህኛው ከሁለቱም ሊለይ ይችላል። በመሣሪያውና በማህደረ ትውስታው መካከል አይኦኤምኤምዩ የሚባል አስተርጓሚ ሃርድዌር ሊቀመጥ ይችላል። ኢንቴል ቪቲ-ዲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤኤምዲ-ቪአይ፣ አርም ደግሞ ኤስኤምኤምዩ። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ ካርዱ አንድ አድራሻ ሲጠራ በገጽ ሠንጠረዥ ውስጥ ይፈልገዋል፣ ካገኘው ወደ አካላዊው አድራሻ ይመራዋል፣ ካላገኘው ይመልሰዋል። በተለመደው የ48 ቢት አድራሻ ሠንጠረዡ አራት ደረጃ አለው፤ በየደረጃው 9 ቢት ይበላና የቀሩት 12 ቢቶች በ4096 ባይት ገጽ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታሉ። የትርጉሙ ውጤት በአስተርጓሚው የራሱ ካሽ ውስጥ ከሌለ፣ ካርዱ አንድ ባይት ከመንካቱ በፊት አስተርጓሚው እስከ አራት ጊዜ ወደ ማህደረ ትውስታ መመላለስ አለበት።

ድራይቨሩ ይህን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለዚህ ነው። ድራይቨሩ ቋቱን ከመሣሪያው ጋር የሚያያይዝ ጥሪ ያደርጋል፣ ለካርዱ የሚሰጠውን አድራሻ ይቀበላል፣ ሥራው ሲያልቅ ያላቅቀዋል። በመካከል ርክክብ ካስፈለገ ሁለት ጥሪዎች አሉ፤ አንዱ ቋቱን ለፕሮሰሰሩ ያስረክባል፣ ሌላው ለመሣሪያው ይመልሳል። ከበስተጀርባ አስተርጓሚ ይኑር አይኑር፣ የማን ይሁን፣ ካሹ ከመሣሪያው ጋር ይናበብ አይናበብ፣ ጥሪው ያው ነው። ወደ አርሙ ሰሌዳ ስንሻገር ከኢንቴል አስተርጓሚ ወደ ኤስኤምኤምዩ ስለመሄዳችን አንድ መስመር አልለወጥኩም። የለወጥኩት የራሴን የርክክብ ስህተት ብቻ ነው። ለፒሲአይ ብቻ የተሠሩት አሮጌዎቹ መጠቅለያ ጥሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ስሪት 5.18 ከከርነሉ ሲወገዱ ድራይቨሬን ማስተካከል ነበረብኝ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ ለአንድ ነገር ሁለት ስም ከማስተናገድ መገላገሌ ግን አስደስቶኛል።

አሁን ይህን ክፍል ከልቤ እንድወደው ወዳደረገኝ ቀን ልምጣ። ከርነሉ ሲነሣ አስተርጓሚውን የሚያበራውን መለኪያ (በማስነሻ ትእዛዙ ላይ የሚጻፍ ቃል) ሰጥቼ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ፤ በብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ይህ ሳይጠየቅ አይበራም። መለካት ከተጀመረ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ የከርነሉ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ወጣ፤ የኔን ካርድ በቁጥሩ ጠርቶ «ለማንበብ ያልተፈቀደለትን ገጽ ለማንበብ ሞክሯል» ይላል፤ የምክንያቱ ቁጥር 6፣ ከጎኑም የአድራሻው ገጽ። የኢንቴሉ አስተርጓሚ ጥፋቱን የሚመዘግበው በገጽ ደረጃ ነው፤ በገጹ ውስጥ የትኛው ባይት እንደተነካ አይናገርም። ስለዚህ ከቁጥሩ ብቻ ብዙ ማወቅ አልተቻለም። ድራይቨሬ ያያዛቸውን ቦታዎች ሁሉ ዘርዝሬ አተምኩና ከዚያች ገጽ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ።

የካርዱ የትእዛዝ ቀለበት፣ ማለትም ካርዱ በተራ እያነበበ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው የሚዞርበት የትእዛዞች ዝርዝር፣ 1024 መግለጫዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 16 ባይት ነው። ሲባዛ 16384 ባይት፣ ማለትም ልክ አራት ገጽ። የተከለከለችው ገጽ ከእነዚህ አራት ገጾች ቀጥላ ያለችው አምስተኛዋ ነበረች። ካርዱ ወደ ቀለበቱ መጨረሻ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው መዞሩን ከማወቁ በፊት «ቀጣዩን መግለጫ» ቀድሞ ለማንበብ እጁን ይዘረጋል። ያነበበውን ወዲያው ይጥለዋል፤ ስለዚህ ውጤቱ ላይ ምንም አይታይም። አስተርጓሚው በማይበራባቸው ማሽኖች ሁሉ ካርዱ ለዓመታት የጎረቤቱን ገጽ ሲያነብ ኖሯል፤ የማን ገጽ እንደሆነ ማንም ሳያውቅ። የሰው ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ የይለፍ ቃል ሊሆን ይችላል፣ ባዶም ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ለሃርድዌር ባልደረባዬ ሳሳየው ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና «ይህን እኛ በምንም ፈተና አናገኘውም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። በቀለበቱ መጨረሻ አንዲት ተጨማሪ ገጽ መድቤ ችግሩን ዘጋሁት፤ ለካርዱ አምራችም ጻፍን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈርምዌሩ (በካርዱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ተስተካከለ፤ አሮጌ ካርዶች አሁንም ሥራ ላይ ስላሉ ተጨማሪዋን ገጽ አላነሣኋትም፤ ከጎኗም ለምን እንዳለች የሚያስረዳ አራት መስመር ማስታወሻ ጽፌያለሁ።

ጥበቃው ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ሰነዶቹ ጎላ አድርገው ቢናገሩት እወዳለሁ። አስተርጓሚው የሚፈቅደውና የሚከለክለው በገጽ ነው። የ1500 ባይት የኔትወርክ ፓኬት ለመሣሪያው ስታያይዙ በእውነቱ የፈቀዳችሁለት 4096 ባይቱን ሁሉ ነው። በዚያው ገጽ ላይ የሌላ ሰው መረጃ ካለ አብሮ ተጋልጧል። በየካቲት 2019 ይፋ የሆነው ተንደርክላፕ የተባለው ጥናት አሳሳቢነቱን በተግባር አሳይቷል፤ በውጫዊ መሰኪያ የሚገባ ክፉ መሣሪያ፣ አስተርጓሚው በርቶ እያለ እንኳ፣ ከተፈቀደለት መረጃ ጎን የተቀመጠውን ሊያገኝ እንደሚችል። ከርነሉም በዚያው ዓመት በወጣው 5.4 ለማይታመኑ መሣሪያዎች ገጽ የማይሞላውን ቋት በተለየ ገጽ ላይ ገልብጦ ማሳለፍ ጀመረ፤ ይህ መጀመሪያ የመጣው ለኢንቴሉ አስተርጓሚ ነው። መልካም እርምጃ ነው። በማሽኑ ውስጥ ለተሰኩት «የሚታመኑ» ካርዶች ግን የገጹ ቀሪ ክፍል ክፍት ነው፤ የኔ ካርድ ደግሞ ከዚሁ ወገን ነበር። ስለዚህ በድራይቨሬ ውስጥ ለካርዱ የሚሰጥ ማንኛውም ቋት ገጽ ሙሉ እንዲይዝ አድርጌያለሁ። ትንሽ ማህደረ ትውስታ ይባክናል፤ ልቤ ግን ያርፋል።

ሌላው ደስ የሚለኝ ችሎታ የተበታተኑ ገጾችን አንድ አድርጎ ማሳየቱ ነው። አራት ሜጋ ባይት 1024 ገጽ ነው። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ከቆየ ያን ያህል ተከታታይ ገጽ አይገኝም። አስተርጓሚ ካለ ገጾቹ በማህደረ ትውስታው ውስጥ የትም ቢበተኑ ለካርዱ አንድ ወጥ መሬት መስለው ይታያሉ። የኔ ካርድ የሚቀበለው አንድ መነሻ አድራሻና አንድ ርዝመት ብቻ ስለሆነ ይህ ለኔ የሕልውና ጉዳይ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ስሞክረው አንድ ወጥ ቦታ ሳይሆን 64 ቁራጮች መለሰልኝ፤ እያንዳንዱ 64 ኪሎ ባይት። ሁለት ቀን ፈለግሁ። ለካ ድራይቨሩ «መሣሪያዬ እስከዚህ ድረስ ያለ ቁራጭ ይቀበላል» ብሎ ካልተናገረ ከርነሉ የሚያስበው 64 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። አንድ ጥሪ ጨመርኩና ቁራጩ አንድ ሆነ። በዚያው ቦታ ሌላም ወጥመድ አለ፦ 1024 ቁራጭ ሰጥታችሁ አንድ ቢመለስላችሁ፣ ስታላቅቁ የምትሰጡት ቁጥር የተመለሰውን አንዱን ሳይሆን የመጀመሪያውን 1024 ነው። ሰነዱ ይህን በግልጽ ይናገራል፤ ሆኖም በሌሎች ሰዎች ድራይቨር ውስጥ ተሳስተው አይቻለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያበሳጨኝን ነገር ሳልናገር ብቀር ግምገማው ሐቀኛ አይሆንም። የካርዳችን የመጀመሪያ ትውልድ ከ32 ቢት በላይ አድራሻ መጥራት አይችልም፤ ማለትም ከአራት ጊጋ ባይት በላይ ያለውን ማህደረ ትውስታ አያውቀውም። አስተርጓሚ በሌለበት ማሽን ላይ ከርነሉ ይህን የሚፈታው መሸጋገሪያ ቋት በመጠቀም ነው፤ ካርዱ በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ፣ በተለምዶ 64 ሜጋ ባይት የሆነ ክምችት። መረጃው እዚያ ያርፍና ፕሮሰሰሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይገለብጠዋል። ስዊኦትሊቢ ይሉታል። ዛሬ ይህ ክምችት ሌላም ትልቅ ሥራ አግኝቷል፤ ማህደረ ትውስታቸው በተመሰጠረ ምናባዊ ማሽኖች ውስጥ መሣሪያው የተመሰጠረውን ማንበብ ስለማይችል ሁሉም መረጃ በዚህ በኩል ይተላለፋል። ሐሳቡ ግሩም ነው።

ታዲያ አራት ሜጋ ባይት ቋቴን ሳያይዝ ጥሪው ወደቀ። መዝገቡ የሚለው «መሸጋገሪያ ቋቱ ሞልቷል» ነው፤ ቀጥሎም የተጠየቀው መጠን 4194304 ባይት፣ ጠቅላላ ክፍልፋይ 32768፣ ጥቅም ላይ የዋለ 0 ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ሞልቷል፤ ጥቅም ላይ የዋለው ግን ዜሮ ነው። ባዶ የሆነ ነገር እንዴት ይሞላል? ማሽኑን እንደገና አስነሣሁ፣ ክምችቱን በእጥፍ አሳደግሁ፣ መልእክቱ ያው ነው፤ ጠቅላላው ብቻ ተለወጠ። የከርነሉን ኮድ ከፍቼ ሳነብ እውነቱን አገኘሁት። እያንዳንዱ ክፍልፋይ 2048 ባይት ነው፤ በአንድ ጥያቄ ከ128 ተከታታይ ክፍልፋዮች በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ክምችቱ የቱንም ያህል ቢያድግ በአንድ ጊዜ ከ256 ኪሎ ባይት በላይ ማግኘት አይቻልም። ከርነሉ ከፍተኛውን ልክ የሚነግር ጥሪ አለው፤ ድራይቨሩ አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ይነገረው ነበር። ጥሪው ጥሩ ነው። መልእክቱ ግን ሰውን ያሳስታል፤ «ጥያቄህ ከልክ በላይ ነው» ማለት ሲገባው «ሞልቷል» ይላል። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ሦስት ቀን ጠፋብኝ።

ወደ ፍጥነት ልሻገር፤ ብዙ ሰው አስተርጓሚውን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነውና። አንድ ቋት ሲላቀቅ ከሠንጠረዡ መሰረዙ አይበቃም፤ አስተርጓሚው በካሹ የያዘውን አሮጌ ትርጉም እንዲረሳ መታዘዝና መርሳቱ መረጋገጥ አለበት። በጥብቅ አሠራር ይህ በእያንዳንዱ ማላቀቅ ይደረጋል። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፍ ኔትወርክ ላይ የ1500 ባይት ፓኬቶች በሰከንድ ከ800 ሺህ በላይ ይመጣሉ፤ ለአንዱ የሚተርፈው ጊዜ ከ1.2 ማይክሮ ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያ ውስጥ ማያያዝ፣ ማላቀቅና ማረጋገጫ መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ሌላ አሠራር አለ፤ የሚረሱት ተሰብስበው በአንድ ጊዜ እንዲረሱ ይደረጋል። ወረፋው 256 ሲሞላ ወይም 10 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ በጅምላ ይጠረጋል። በኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ የከርነሉ የራሱ ምርጫ ይኸው የዘገየው አሠራር ነው፤ በአርም ግን ጥብቁ። የዘገየው አሠራር ዋጋው ምን እንደሆነ በግልጽ ልበል፦ ለእነዚያ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች መሣሪያው የተላቀቀውን ገጽ አሁንም ሊነካ ይችላል፤ ገጹ ደግሞ በዚያ ቅጽበት ለሌላ ሥራ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። በሚታመን ካርድና በተጨናነቀ ኔትወርክ ላይ እቀበለዋለሁ። አዲስ ካርድ በሚፈተንበት ማሽን ላይ ግን በፍጹም አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ከተላቀቀ በኋላ የሚጽፍ ካርድ የሚያዘው በጥብቁ አሠራር ብቻ ነው።

አድራሻ የሚመድበው ክፍልም ቀስ በቀስ ተሻሽሏል። ነጻ አድራሻዎች በአንድ ትልቅ የዛፍ መዋቅር ውስጥ፣ በአንድ ቁልፍ ተጠብቀው ነበር የሚኖሩት፤ ብዙ ፕሮሰሰሮች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ሁሉም ያችን ቁልፍ ይጠብቃሉ። በ2016 እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በእጁ የሚይዘው ትንሽ ክምችት ተጨመረለትና ወረፋው ተቃለለ። ይህ ክምችት የሚያገለግለው ግን እስከ 128 ኪሎ ባይት ላሉ ጥያቄዎች ነው። የኔ አራት ሜጋ ባይት ሁልጊዜ ወደ ዛፉ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ቋቶቹን ድራይቨሩ ሲነሣ አንድ ጊዜ አያይዤ እስከ መጨረሻው ሳላላቅቅ በርክክብ ጥሪዎች ብቻ ማመላለስ። የኔትወርክ ድራይቨሮች ከ4.18 ጀምሮ ባለው የገጽ ገንዳ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ማያያዙ ውድ ከሆነ አንድ ጊዜ ክፈሉት። በዚህ መንገድ ስሄድ በጥብቅና በዘገየ አሠራር መካከል ለኔ ካርድ የሚታይ ልዩነት አልቀረም፤ የሚላቀቅ ነገር የለምና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉ እዚህ ጋ አለ። ከርነሉ ሲገነባ የዲኤምኤ መመርመሪያውን ማብራት ይቻላል። እያንዳንዱን ማያያዝ ይመዘግባል፤ ያልተያያዘ ነገር ስታላቅቁ፣ በአንድ መጠን አያይዛችሁ በሌላ ስታላቅቁ፣ የማያያዙ ጥሪ መውደቅ አለመውደቁን ሳታረጋግጡ አድራሻውን ስትጠቀሙ በስማችሁ ይጠራችኋል። የመጨረሻው በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ብዙ ሰው የተመለሰው አድራሻ ዜሮ ከሆነ ጥሪው ወድቋል ብሎ ያስባል፤ ዜሮ ግን ትክክለኛ አድራሻ ሊሆን ይችላል፤ ለማረጋገጥ የተዘጋጀው ጥሪ ራሱን ችሎ አለ። መጀመሪያ መመርመሪያውን ሳበራ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጠኝ፤ አስተካክዬ «አንድ ስህተት ብቻ ነበር» ብዬ ተደሰትኩ። በማግስቱ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ሌላ መጣ። ሳስተካክል ሌላ። ለካ መመርመሪያው ሳይነገረው የሚያትመው የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ ነው፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሁሉንም እንዲያትም የሚያደርግ ፋይል በዲበግ ፋይል ሥርዓቱ ውስጥ አለ፤ እዚያ አንድ ቁጥር መጻፍ ይበቃል። ስጽፍ አሥራ አንድ ቀርተውኝ ነበር። ይህ ልማድ የተመረጠው መዝገቡ እንዳይጥለቀለቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ካተመ በኋላ «ሌሎችም አሉ፣ አላተምኳቸውም» የሚል አንድ ቃል ቢጨምር እመኛለሁ።

ሰነዶቹ በራሳቸው ጥሩ ናቸው። በተለይ የዲኤምኤ አጠቃቀም መመሪያው ሰው ለሰው የሚያስረዳ ያህል የተጻፈ ነው፤ ሦስቱን አድራሻዎች የሚያሳየው ሥዕል ብዙ ቀን አድኖኛል። የሚያደክመው የማስነሻ መለኪያዎቹ ነገር ነው። ለኢንቴል የራሱ መለኪያ፣ ለኤኤምዲ የራሱ፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ደግሞ አለ፤ «ጥብቅ» የሚለው ቃል በአንዱ አሮጌ ተብሎ ወደ ሌላው ተዛውሯል፤ ትርጉሙን ማለፍ የሚያስችለው መለኪያም በሁለት ስም ይጠራል። ደግነቱ አሁን እያንዳንዱ የመሣሪያ ቡድን (አስተርጓሚው ለያይቶ ሊጠብቃቸው የማይችላቸው መሣሪያዎች ስብስብ) በምን አሠራር ላይ እንዳለ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከሲስ ፋይል ሥርዓቱ ማንበብ ይቻላል፤ ከመለኪያዎቹ ጋር ከመከራከር እዚያ ማየት ይሻላል። መሣሪያን ለምናባዊ ማሽን ወይም ለተራ ፕሮግራም አሳልፎ ለመስጠት የሚያገለግሉትን፣ ከ2012 ጀምሮ ያለውን ቪኤፍአይኦንና በ2023 በ6.2 የገባውን አዲሱን መንገድ፣ ጥቂት ብቻ ስለነካኋቸው አልፈርድባቸውም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች አብረው ነው የሚሰጡት። ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽናችሁን ቡድኖች ቁጠሩ።

ድራይቨር መጻፍ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚውን አብሩ፣ ጥብቁን አሠራር ምረጡ፣ መመርመሪያውን አብርታችሁ ሁሉንም ስህተት እንዲያትም እዘዙት፤ ከተቻለም ካሹ ከመሣሪያው ጋር የማይናበብ አንድ ሰሌዳ ከጎናችሁ አስቀምጡ። እኔ ያን ሰሌዳ ስምንት ወር ቀድሜ ባገኘው ኖሮ 64 ባይቶቹን በመጀመሪያው ሳምንት አያቸው ነበር።

አሁን በ6.16 የገባውን አዲሱን አያያዝ እየሞከርኩ ነው። አድራሻ መመደቡንና ገጽ ማያያዙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንድ ጊዜ ሰፊ የአድራሻ ቦታ ትይዙና ገጾቹን ሲመጡ ሲመጡ ትሰኩበታላችሁ። ለኔ ዓይነት ካርድ የተሠራ ይመስላል፤ የመቀበያው መንገድ ተሻግሮ እየሠራ ነው፣ የመላኪያው ይቀረኛል። ከዚያ በፊት ግን የምጨርሰው ሌላ ሥራ አለ፤ ያንን «ሞልቷል» የሚል መልእክት ከልክ በላይ ለተጠየቀ ቋት የተለየ ቃል እንዲናገር የሚያደርግ አጭር ለውጥ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ ማታ በአሮጌው ካርድ ላይ አራት ሜጋ ባይት ጠይቄ እፈትነዋለሁ።